«ተይዟል» የተባለው ወንበር፦ የአንድ የደብረ ብርሃን ቁርስ ቤት ግምገማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ መንገደኛ ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ የሚፈልገው ምግብ ሳይሆን ሙቀት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ በጥር ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶ በሚያድርበት ወቅት፣ አንድ ቁርስ ቤት በሚያቀርበው ምግብ ብቻ ሳይሆን በወንበሮቹ አደላደልም ይመዘናል፤ ማለትም ማን ከማንደጃው አጠገብ እንደሚሞቅና ማን በር ላይ እንደሚቀር። ዛሬ የምገመግመው ቤት ይህን ጥያቄ አጥብቆ ያሰበበት ቤት ነው። ያሰበበት መንገድ ግን የራሱ ጣጣ ስላለው ስሙን ሳልጠራ አልፋለሁ።

ቤቱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በሸራ የተጋረደ በረንዳ ሲሆን የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረውበታል፤ ነፋሱ ሸራውን ባነሣው ቁጥር የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጅ ይያዛል። ሁለተኛው «ሳሎን» ይባላል። እዚያ የከሰል ማንደጃ አለ፤ የእንጨት ወንበሮቹ የመንዝ በግ አጎዛ ለብሰዋል፤ ግድግዳው ላይም ጥቁር ባና ተሰቅሏል። ወጥ ቤቱ አንድ፣ ቂንጬው አንድ፣ ቡናው አንድ ነው። ማን የት እንደሚገባ የሚናገር ጽሑፍ የትም አልተለጠፈም፤ ሥራውን የሚሠራው የአስተናጋጁ ዓይን ነው። ይህ ትሑት ወጣት የእንግዳን ማንነት የሚያነበው ከጫማ ጀምሮ ወደ ላይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ጉልበት ላይ ሳይደርስ ፍርዱን ይጨርሳል። ከላንድ ክሩዘር የወረደ በቀጥታ ወደ ማንደጃው ይመራል፤ አህያውን አስሮ የመጣ በረንዳው ላይ «ይመችዎታል» ይባላል።

እኔ በዚያን ቀን ከአጎቴ አውድማ ነበር የመጣሁት። የገብስ ውቂያ ላይ አድሬ፣ ጋቢዬ ላይ ገለባ ተሰክቶ፣ ጫማዬም ስለ እኔ የሚመሰክረው በጎ ነገር ሳይኖረው፣ ማንም ሳይመራኝ ሳሎን ገብቼ ከማንደጃው ሥር ያለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ጠረጴዛው ላይ «ተይዟል» የሚል ካርቶን ቆሞ ነበር።

አስተናጋጁ ፈጥኖ መጣ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ወንበር ተይዟል። ለክብር እንግዳ ነው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ፣ ልጄ?»

«እሱማ ልክ ነው ጋሼ…» ብሎ የቀረውን መጨረስ አቃተው።

በዚህች ቅጽበት ሕዝባዊ እምቢተኝነት ለማካሄድ ወሰንሁ። በሸዋ ምድር ያደገ ሰው «እምቢ» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከፉከራ ነው። ለነገሩ ምክንያት አለው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ነጩንና ያገሩን ሰው በሰፈርም በገበያም ለይቶ ማስቀመጥ ሲጀምርና መርካቶን ለብቻው «ያገሬው ሰው ገበያ» ብሎ ሲከልል፣ የዚህ አካባቢ ሰው ከራስ አበበ አረጋይ ጋር ዱር ገባ እንጂ የጣሊያን ቡና ቤት ገብቶ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። «እምቢ ላለ ሰው፣ ጥይት አጉርሰው» እየተባለ ላደገ ሰው፣ እምቢታ ማለት ጠመንጃ ማንሣት፣ ቢያንስ ቢያንስ ድምፅን ከፍ ማድረግ ነው። ጥር 23 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አስተርእዮ ማርያም በዋለች በሁለተኛው ቀን፣ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ በተባለች ከተማ አራት ጥቁር የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች ያሳዩት እምቢታ ግን በምንም ዓይነት ፉከራ ሊገጠም የማይችል ነበር፦ እምቢ ብለው ቡና አዘዙ።

ኢዜል ብሌየር፣ ዴቪድ ሪችመንድ፣ ፍራንክሊን ማኬይንና ጆሴፍ ማክኒል ዉልወርዝ ወደተባለው መደብር ገብተው በመጀመሪያ የጥርስ ሳሙናና መሰል ትንንሽ ዕቃ ገዙ፤ ደረሰኛቸውንም ያዙ። መደብሩ ገንዘባቸውን ተቀብሎ ሲያስተናግዳቸው ቀለማቸው አልታየውም። ከዚያ እዚያው መደብር ውስጥ ወዳለው የምሳ ባንኮኒ ሄደው ተቀመጡና ቡና ጠየቁ። ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ መስተናገድ የሚችለው ነጭ ብቻ ስለነበረ ቡናው አልመጣም፤ እነርሱም መደብሩ እስኪዘጋ አልተነሡም። (ከካፋ ጫካ የወጣች ፍሬ ለአፍሪካ ልጆች መከልከሏን ሳልጠቅስ ብቀር ያጠጣኝ የአባቴ ስኒ ይታዘበኛል።) በማግስቱ ከ20 በላይ ሆነው መጡ፤ በአምስተኛው ቀን ከ300 በላይ ሆኑ። ነገሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ፣ ከስድስት ወር ያህል በኋላ፣ ሐምሌ 18 ቀን፣ ባንኮኒው ለጥቁሮች ተከፈተ፤ መጀመሪያ ተቀምጠው የተስተናገዱትም የመደብሩ የራሱ ጥቁር ሠራተኞች ነበሩ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሠርተው የሚያበሉበትን ባንኮኒ ተቀምጠውበት አያውቁም ነበር። ያገሬ ሰው «ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል» ይላል። ልጆቹ ዘዴው ገብቷቸው ተቀምጠው አወረዱት። ከባንኮኒው የተወሰነው ክፍል ከነወንበሮቹ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ በቁርስ ቤት ግምገማ ታሪክ ከዚህ የበለጠ ክብር ያገኘ ወንበር ያለ አይመስለኝም።

የእኔ እምቢታ ግን ገና ሲጀመር ችግር ገጠመው። በዚያው ሰሞን በሌላዋ የአሜሪካ ከተማ በናሽቪል የነበሩ ተማሪዎች እንዲሁ ባንኮኒ ላይ ለመቀመጥ ሲወጡ የሚመሩበት የሥነ ምግባር ደንብ ነበራቸው፦ ቢመቱ አይመልሱም፣ ቢሰደቡ አይሳደቡም፣ ድምፅ አውጥተው አይስቁም፣ መተላለፊያ አይዘጉም፣ ምንጊዜም ትሑት ይሆናሉ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ባንኮኒው ያዞራሉ። ደንቡን በልቤ እየደገምሁ ቀጥ ብዬ ተቀመጥሁ፤ ፊቴንም ወደ ባንኮኒው አዞርሁ። ባንኮኒው በስተ ጀርባው መስታወት ስላለው የራሴን መልክ፣ ፀጉሬ ውስጥ ከቀረው ገለባ ጋር፣ ፊት ለፊት አየሁት፤ «አይስቁም» የሚለውን አንቀጽ የጣስሁት ያኔ ነው። ይሁን እንጂ ዋናው ችግር ሌላ ነበር። ተቃዋሚ ለመሆን የሚከለክል ሰው ያስፈልጋል። እነዚያ ተማሪዎች በየከተማው ሲቀመጡ ጀርባቸው ላይ ኬቸፕ ፈሶባቸዋል፣ ሲጋራ ተተርኩሶባቸዋል፣ ፖሊስም እነርሱን እንጂ የተረኮሰባቸውን አላሰረም። የእኔ ጨቋኝ ግን «እንግዲህ ምን ይደረጋል ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ያለኝ ምርጫ አንድ ብቻ ሆነ፤ ቂንጬ አዘዝሁ።

ስለ ቂንጬው በሐቅ ልመስክር። የገብስ ቂንጬ ነው፤ ገብሱ አልቦካም፣ አልላመም፤ እያንዳንዱ ፍንካች በጥርስ ሥር ይታወቃል። የመጣው በሸክላ ጻህን ሆኖ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ተሠርቶ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ቅቤው ገና እየቀለጠ፣ ኮሰረቱና የኮረሪማው ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር እየወጣ ነበር። ማንኪያ ስጨምር ቅቤው ግድቡን ጥሶ በዳር በዳሩ ወረደ። ከጎኑ አንድ ስኒ እርጎና ጥቂት ሚጥሚጣ በቡና ማቅረቢያ ሳህን ላይ ቀረበ። ከአዲስ አበባ ለዚህ ብቻ መምጣት የሚያስቆጭ አይደለም። ቡናው ደግሞ በጀበና ነው፤ ሁለተኛው ከአንደኛው ይሻላል፣ ምክንያቱም አንደኛው ሲቀዳ ረጋ ስላልተባለ አተላ ይዞ ይመጣል። ዳቦው የትናንት ነበር፤ ማንደጃው ላይ ቢጠበስ ይድን ነበር።

እየበላሁ ወደ በረንዳው ተመለከትሁ። ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ያላት ስለሆነች ከሸራው ሥር አራት ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አራት ሻይ አዘዋል፤ ሻዮቹ ካለቁ ቆይተዋል፤ ኮምፒውተሮቻቸው ግን በቤቱ መብራት ገና እየተሞሉ ነው። አራት ተማሪዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ እስኪዘጋ የማይነሡ፦ ግሪንስቦሮ ይኸውልዎት። ልዩነቱ የግሪንስቦሮዎቹ ለማዘዝ ፈልገው ሳይፈቀድላቸው መቅረቱና የደብረ ብርሃኖቹ እንዲያዝዙ እየተለመኑ አለማዘዛቸው ነው። አስተናጋጁ በየሩብ ሰዓቱ እየሄደ «ሌላ ምን ይጨመር?» ይላቸዋል፤ እነርሱም የናሽቪልን ደንብ ያጠኑ ይመስል በፍጹም ትሕትና፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተራቸው አድርገው ይቀመጣሉ።

ነገሩን ሁሉ በወንበር መነጽር ማየት የጀመርሁት ግን እኔ አይደለሁም። በዚያው በሰሜን ካሮላይና፣ ሻርሎት ከተማ «ካሮላይና እስራኤላይት» የተባለ ጋዜጣ ያዘጋጅ የነበረው ሃሪ ጎልደን እ.ኤ.አ. በ1956 አንድ የፌዝ ዕቅድ አቅርቦ ነበር። የደቡብ ነጮች በባንክ መስኮትም ሆነ በመደብር ሰልፍ ከጥቁር ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዳች ቅር እንደማይላቸው አስተዋለ፤ ክፉ ነገር የሚመጣው ጥቁሩ የተቀመጠ እንደሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤቶች ወንበሩን ሁሉ አውጥተን ልጆቹን ጠረጴዛ ብቻ እየሰጠን ቆመው እንዲማሩ ብናደርግ ችግሩ ተፈታ ማለት ነው፣ አለ። ፌዝ ነበር። በቨርጂኒያ የምትገኘው የዳንቪል ከተማ ግን እ.ኤ.አ. በ1960 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቷን ለጥቁሮችም እንድትከፍት ስትገደድ፣ ወንበሩንና ጠረጴዛውን አውጥታ ከፈተችው። ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ፣ ቆሞ፣ መጽሐፉን ተውሶ ወጣ። ባለሥልጣን የቀልደኛን ሐሳብ ወስዶ በሥራ ሲያውለው ቀልደኛው ሌላ እንጀራ መፈለግ ይኖርበታል።

የጎልደን ትዝብት እዚህም ይሠራል። ከዚሁ ቁርስ ቤት አጠገብ ሥጋ ቤት አለ። ባለ ላንድ ክሩዘሩም፣ ተሸካሚውም፣ እኔም ከተሰቀለው ሥጋ ፊት ትከሻ ለትከሻ ቆመን «ከሽንጡ ጨምርልኝ» እንላለን፤ ባለ ሥጋውም በተራ በተራ ይቆርጥልናል፤ ማንም የማንንም ጫማ አያይም። ጥብሱ በጣባ ወጥቶ መቀመጥ የመጣ እንደሆነ ግን ወዲያውኑ ባለ ሳሎንና ባለ በረንዳ እንሆናለን። የሰው ልጅ እኩልነት ችግሩ ከወገብ በታች ነው ማለት ነው።

ወደ እምቢታዬ ልመለስ። ሁለተኛውን ቡና ሳጋምስ ባለቤቲቱ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው፣ ዕጣን በገል ይዘው ከጓዳ ወጡ። እኔን ሲያዩ ደነገጡ። «ውይ! የኔ ጌታ፣ እዚያ ላይ ተቀመጡ? እግሩ እኮ ስብር ነው!» አሉ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የወንበሩ የኋላ ግራ እግር ከመጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ በሲባጎ ታስሯል። አናጢው ከልደት ጀምሮ ነገ እያለ አልመጣም። «ተሰብሯል» ብሎ መጻፍ ደግሞ ለቤቱ ስለሚያሳፍር «ተይዟል» ተባለ፤ ልጁም ለጠየቀው ሁሉ «ለክብር እንግዳ ነው» እንዲል ታዘዘ። ለአንድ ሰዓት ያህል በጀግንነት ቀጥ ብዬ የተቀመጥሁት፣ ቀጥ በማለቴ ብቻ ሳልወድቅ የቀረሁበት ወንበር ላይ ነበር። የናሽቪሎቹ ደንብ ያተረፈው አጥንት ካለ የእኔም ዳሌ ይቆጠርልኝ።

ጎልደን ሌላም ነገር አድርጌያለሁ ይል ነበር፦ አንድን ባለ መደብር አግባብቶ «ለነጭ» በሚለው የመጠጥ ውኃ ቧንቧ ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ጽሑፍ አሰቀለ፤ ነጮቹም መጀመሪያ እያቅማሙ፣ ኋላም ሳይታወቃቸው፣ «ለጥቁር» ከሚለው ቧንቧ መጠጣት ጀመሩ፤ ውኃው ያው ውኃ ነበረ። እርሱ ደኅናውን ተበላሽቷል አለ፤ እትዬ የተበላሸውን ተከብሯል አሉ። በሁለቱም አገር ካርቶኑን ያመነ ሰው ነው የተታለለው፤ እኔ ደግሞ ካርቶኑን ባለማመኔ ልሰበር ነበር።

ሳቁ እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ከእትዬ ጋር ስንሣሣቅ አንድ የበግ ነጋዴ ደረሰ፤ ሸማው ላይ አቧራ አለ፣ በእጁ ረጅም ልምጭ ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ ማንደጃውን አየ፣ አጎዛውን አየ፣ ጫማውን አየ፤ ከዚያ ማንም አንድ ቃል ሳይናገረው ተመልሶ በረንዳው ላይ፣ ሸራው ከሚነሣበት በኩል፣ ተቀመጠ። አስተናጋጁ እንኳ አላየውም ነበር። ለዚህኛው ካርቶን አላስፈለገም። «ወዲህ ግባ፣ ሙቅ» ብዬ ተጣራሁ። «ኧረ እዚሁ ይሻለኛል፣ በጎቼን ልይ» አለኝ። በጎቹ በእርግጥ ከመንገዱ ማዶ ታስረው ነበር፤ ከሳሎኑ መስኮትም ይታያሉ። እውነቱን ይሁን ሰበቡን አላወቅሁም፤ አንድ ቂንጬ በእኔ ሒሳብ ላክሁለት፤ ይህም ከትግል ይልቅ ለጽድቅ የሚጻፍ ሥራ ነው።

ሒሳቡ ሲመጣ የሁለት ቂንጬና የሁለት ቡና ዋጋ ላይ «ሳሎን» የተባለ መስመር ታክሎ ነበር። በረንዳ ላይ ለተበላው ቂንጬ ጭምር ነበር የተደመረው። ስጠይቅ «ለከሰሉ ነው ጋሼ» አለኝ ልጁ። በዚህች ሰዓት ጥቁሯ አሜሪካዊት ሮዛ ፓርክስ ትዝ ብትለኝ አይፈረድብኝም። እርሷ በሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ላይ ለነጭ ተሳፋሪ ወንበርሽን ልቀቂ ስትባል አልነሣም ያለችው ኅዳር 21 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ በኅዳር ጽዮን ዕለት ነው፤ የተቀመጠችውም ብዙ ሰው እንደሚመስለው የነጮች ወንበር ላይ ሳይሆን ከእነርሱ ክፍል ቀጥሎ ባለው ረድፍ ነበር። በዚያች ከተማ ጥቁር ተሳፋሪ ገንዘቡን በፊት በር ከፍሎ፣ ወርዶ፣ ዞሮ በኋላ በር እንዲገባ ይደረግ ነበር፤ አንዳንዱም ሹፌር እስኪዞር ሳይጠብቀው ይነዳል። የእኛ ረዳት ቢያንስ ሳንቲሙን የሚቀበለው ከተሳፈርን በኋላ ነው። ፓርክስ 10 ዶላር ተቀጣች፣ 4 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ ተጨመረባት፤ ይግባኝም አለች። ሕዝቡም አውቶቡስ አንሳፈርም ብሎ 381 ቀን በእግሩ ሄደ፤ በራሱ መኪናዎች ተጋዘ፤ አብዛኛው ተሳፋሪ ጥቁር ስለነበረ አውቶቡሶቹ ባዶአቸውን ዞሩ። እኔ የሳሎኑን ክፍያ ከፈልሁና ዝርዝር መልስ እንዳለ ጠየቅሁ። ስልሳ ብር ነው፤ 381 ቀን ቁርስ ሳይበሉ መቆየት ደግሞ፣ በዚህ ብርድ፣ ከአንድ ገምጋሚ የሚጠበቅ አይደለም። የበረንዳውን ቂንጬ የሳሎን ክፍያ ግን አስነሥቻለሁ፤ ድሌ ይህች ናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በዚህ ጊዜ ታጥቤ፣ ጫማ አስጠርጌ ሄድሁ። ያው ልጅ ከበሩ ተቀብሎ ወደ ሳሎን መራኝ፤ መልኬን ሳይሆን ጫማዬን ነበር ሰላም ያለው፤ በጋቢው የመጣውን ሽማግሌ ፈጽሞ አላስታወሰም። እትዬ ግን አስታውሰውኝ ዳቦውን ማንደጃው ላይ አስጠብሰው አመጡልኝ። አናጢው መጥቶ የወንበሩን እግር በአዲስ እንጨት ቀጥሎታል። ካርቶኑ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እትዬ እንዳሉት ሰው ስለለመደው አላነሡትም።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ይድረስ፤ ከሰሉ የሚቀጣጠለው ያኔ ነው፣ ቂንጬውም እስከ ሦስት ሰዓት ያልቃል። የገብስ መሆኑን ጠይቆ ይዘዝ፤ የስንዴውም አለ፣ ግን አይደርስበትም። አንደኛውን ቡና ለጎረቤቱ አሳልፎ ሁለተኛውን ይጠብቅ። ካርቶኑን አንሥቶ ይቀመጥ፤ ከመቀመጡ በፊት ግን የኋላውን ግራ እግር በእጁ ይነቅንቀው።